የስኳር ሰልፍ

“አብሽሪ ቶይባ፣ ሻይሽን ጠጪ እንጂ። ሶብር ማድረግ ነው” አለች ኡሙሰልማ፣ በራሷ ብርጭቆ ላይ ስኳር እየደጋገመች።

ቶይባ ብርጭቆዋን ወደ ጎን ገፋችው። እህቷ ከሪማ ከተቀበረች ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፉን ሞልተው ያለቅሳሉ፣ ይበላሉ፣ ስለ ሟች ጨዋነት ያወራሉ። ጨዋነቷ የታያቸው አሁን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

“በሽታዋ ግን ምን ነበር?” አለች አንዷ በሹክሹክታ።

“ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም። አማና ነው፣ የሟች አደራ” አለች ኡሙሰልማ ደረቷን ነፍታ።

አማና! ይህች ሴት አፏን መዝጋት የተማረችው ከሪማ ከሞተች በኋላ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት ሴት ሐኪም በቀበሌው አዳራሽ ማህፀን ልታይ ወደ ናዝሬት መጥታ ነበር። “ሳያማችሁ ኑ። የማህፀን ካንሰር ሲጀምር አያምም፤ ቀድሞ ከተገኘ ግን ይድናል” ብላ ለመነች። ከሰፈሩ የሄደችው ከሪማ ብቻ ነበረች። እንደ ቀበሌው ልማድ በተራዋ ድንጋይ አስቀምጣ ጥላ ሥር ቆመች። ከአዳራሹ አጠገብ ግን የስኳር ሰልፍ ነበር፤ በስኳር ሰልፉ ላይ ደግሞ ኡሙሰልማ።

“ከሪማ! ባልሽ አሰብ መኪና ሲነዳ፣ አንቺ ምን አግኝቶሽ ነው የምትታዪው?”

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከሪማ ድንጋይዋን አንስታ “ለስኳር እኮ ነው የመጣሁት” አለችና ወደ እነሱ ሰልፍ ተሻገረች። ማታ ስኳር ይዛ ገባች።

ደም መፍሰስ ሲጀምራት የኡሙሰልማ ምክር “ፍልውሃ ያደርቀዋል” የሚል ነበር። ሶደሬ ተመላልሳ ተነከረች። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ “ዘገያችሁ” አለና ወደ ቶይባ ዞሮ “አንቺም ታዪ” አላት።

“ያቺ ሐኪም ዛሬም መጥታለች አሉ” አለች ኡሙሰልማ። “ማን ይሄድላታል!” ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ለቅሶ ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት ዓይኗን ጠረገች።

ቶይባ ተነሳች።

“ሐዘን ጥለሽ ወዴት ነው?”

“ማህፀኔን ላሳይ።”

“ሰው ምን ይላል?”

“ሰው የምትይው ያንቺን አፍ ነው? እኔንም ለማጠብ ከቸኮልሽ ትንሽ ታገሺ!”

ቶይባ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ቀበሌ ስትደርስ የስኳሩ ሰልፍ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። በአዳራሹ በር ላይ ግን ጥቂት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የስኳር ሰልፈኞቹ ዓይን ሁሉ ወደ ቶይባ ዞረ። ከመሬት ድንጋይ አነሳችና ከፊቷ አስቀምጣ እሷ ከኋላው ቆመች።

“ይሄ ተራ የማን ነው?” አለች ከኋላዋ የመጣች ሴት።

“የእህቴ ነው።”

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ድንጋዩን ወደ ፊት አስጠጋች።