ጥሬው ፋይል

የጠፈር መንኮራኩሯ ሞተር የአባቴ የኦክስጅን ማሽን ነው። ለአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ሙዚቃ ስሠራ ዳይሬክተሩ የሞተሩ ድምፅ ነፍስ ያለው ይምሰል እያለ ነዝንዞ ገደለኝ፤ ኮምፒውተሬን ሁሉ በርብሬ እንደዚያ ማሽን የሚያቃስት ነገር አጣሁ። አባባ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው በስልኬ ቀድቼው ነበር። የሙዚቃ ሰው ጆሮ ይሉኝታ የለውም፤ አባቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦም ኖታ ይፈልጋል። ቅጂውን ስምንት እጥፍ አጓተትኩት፣ አወፈርኩት፣ ከዚያ በላዩ ለአርባ ሰው ኦርኬስትራ ጻፍኩ። የሰው ንግግር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሲጓተት ግን ጉርምርምታ ብቻ ስለሆነ ናቅኩት።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ከኋላ ቆሞ ትልቁን ባስ ይጫወታል። እሱ መላጣ ከሆነ በኋላ እንኳ አባባ «ማሙሽ» ነበር የሚለው። አባባ ሲሞት ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። በእንቅልፉ ድንገት ሄደ፣ ለመደወል እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም አልኩት። አመነኝ።

የቀረጻው ቀን የድምፅ ባለሙያው ከመስታወት ጀርባ ባለው ክፍሉ ሆኖ ኦርኬስትራውን ከሞተሩ ጋር ለማስማማት የላክሁለትን ፋይል በሁሉም ሰው ጆሮ ማዳመጫ ለቀቀው። ለካ በችኮላ ያልተጓተተውን፣ ጥሬውን ልኬለታለሁ።

ማሽኑ ትንሽ አቃሰተ። ከዚያ አባባ ተናገረ።

«ማሙሽ መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው፣ አባባ።» የእኔ ድምፅ ነው።

«ደውለሽለታል?»

«ትናንትም ዛሬም ደውያለሁ።»

እንዲያቆመው ለባለሙያው በመስታወቱ እጄን አወዛወዝኩ፤ አላየኝም። የኦርኬስትራው መሪ እጁን እንዳነሳ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ አርባ ሰው ፊት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ጋሼ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጫነው፤ ባሱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

ወደ እሱ ሄድኩ።

«አልደወልሽልኝም» አለኝ።

«አልደወልኩም።»

«እኮ የሦስት ሰዓት መንገድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ውሸት ፈለግኩ። ብዙ ጊዜ አላጣም፤ ያን ቀን አጣሁ።

«ትደርሳለህ ብዬ ፈራሁ» አልኩት። «ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር የሚጠይቀው ግን አንተን ነው። መጨረሻው እንኳ የእኔ ይሁን አልኩ።»

የገዛ አፌ አስደነገጠኝ። ይህን እስከዚያች ደቂቃ ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ጋሼ አልጮኸም። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞሮ ባለሙያውን ለመነው።

«ከመጀመሪያው ድገምልኝ። የእሷን ድምፅ ማውጣት ከቻልክ ደግሞ አውጣልኝ።»

ባለሙያው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። የት የት ላይ እንደተናገርኩ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ራሴን ቆርጬ አወጣሁ።