ሠላሳ አንደኛዋ ሠልጣኝ

ሚስቴ የሻረግ በወለደች በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከአልጋዋ ተነሥታ የአዋላጇ ታብሌት ውስጥ ገባች።

ሰኞ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ እፈልጣለሁ፤ ብዙ አልናገርም። ዛሬም አልናገርም።

አዋላጇ ሲስተር ፈንታነሽ ትባላለች። እሷን ጨምሮ ገጠር የሚሠሩ ሠላሳ አዋላጆች፣ ጭንቀት የገባትን አራስ እንዴት እንደሚረዱ በኢንተርኔት ይሠለጥኑ ነበር። በቀበሌያችን ኔትወርክ ያለው እኔ ደጅ ላይ ከከመርኩት ድንጋይ አናት ብቻ ስለሆነ፣ የምትማረው እዚያ ተቀምጣ ነው። ማንም አላመሰገነኝም።

ከዚያ በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ለየሻረግ ጥያቄዎች ይዛ ገብታ ነበር። በዚህ ሳምንት ሳቅሽ ወይ፣ ያለ ምክንያት ፈራሽ ወይ የሚሉ ናቸው። በእኛ አገር አራስ በመናገር አትደክምም፤ ጠያቂ ሲመጣ ቤተሰብ ይመልስላታል። እናቴም ከራስጌ ተቀምጣ መለሰች። ትስቃለች አለች። እኛ እያለን ምን ያስፈራታል አለች። የሻረግ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። ሲስተር ሁሉንም ጻፈች፤ ውጤቱ ደህና ናት የሚል ሆነ። ሁሉም ነገር ስለተመለሰላት የሻረግ እዚህ የምትቆይበት ጉዳይ አልቀረም።

ሰኞ ዕለት አሠልጣኙ ዶክተር ሚልኪያስ ከአዲስ አበባ ሆኖ፣ መስታወቱ ላይ በየትንሿ ሳጥናቸው የሚታዩትን ሠልጣኞች ሲቆጥር ሠላሳ አንድ ሆኑበት።

«ጥግ ላይ ያለሽው፣ ነጠላ የተከናነብሽው፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ነሽ?» አላት።

ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ሲስተር ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«ባለቤትህ ናት» አለችኝ።

«ናት» አልኩ።

ዶክተሩ ነገሩ በሥልጠናው ሰነድ ውስጥ እንደሌለ ገለጸልን። ሥልጠናው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውስጥ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅም። ልጄ ያን ሁለት ቀን በጎረቤት ጡት ኖረ። እናቴ ምራቷን በታብሌቱ ጠራቻት፣ ለመነቻት፣ ሙክት አርድልሻለሁ አለቻት። የሻረግ ትምህርቱን ተከታተለች።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሲስተር ማስታወሻዋን መልሳ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። ጥያቄው የሚቀርበው ለአራሷ ለብቻዋ ነው፤ መልሷም ይጠበቃል። የሳተችው ይህን ነበር።

«እኔን ከእንግዲህ አታምነኝም» አለች። «ጠይቆ ዝም የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገን።»

«ጠይቆ ዝም የሚል ባል ካለማ እኛም እንየው» አለች ከእስቴ ወረዳ የምትሠለጥነዋ አዋላጅ። ሌሎቹ ሳቁ።

እናቴን ከግድግዳው ጀርባ አስቀመጥናት። በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ።

«የሻረግ፣ እንዴት ነሽ?» አልኩ።

ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ዝም አልኩ። ዶክተሩ ኔትወርኩ የቆመ መስሎት ሁለት ጊዜ ሰላም አለን።

«ደህና አይደለሁም» አለች በመጨረሻ። «ልጁ ሲያለቅስ የሌላ ሰው ልጅ ይመስለኛል። ሳላውቀው እግሬ ገደሉ አፋፍ ወስዶኛል። ሁለቴ።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። አላልኩም።

የቀረውን የነገረችው ለእኔ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ስትጨርስ ከታብሌቱ ውስጥ እግሯን ወደ ድንጋዩ አወረደች። ሲስተር እጇን ያዘቻት፤ ልጁን አቅፋላት፣ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸውን መኪና ለመያዝ አብረው ወደ መንገዱ ወረዱ።

እናቴ ከግድግዳው ጀርባ መጣች። ሰባት ወልዳ አራት ቀብራለች። ታብሌቱ ላይ የሻረግ የለቀቀችውን ባዶ ቦታ አየችው።

«እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። ነጠላዋን አስተካክላ ታብሌቱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሊዘጋ ነው» አልኳት።

«ይዝጉት።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዶክተሩ አመስግኖ ወጣ። አዋላጆቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ቀጥሎ ባትሪው አለቀ። በጠቆረው መስታወት ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ እንደበራች ነበረች። ጎንበስ ብዬ፣ እንዴት ነሽ አልኳት። አፏ መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ አልነበረውም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ አፏ አላረፈም።

ሠላሳዎቹ ሄደዋል፤ የሻረግ ሄዳለች። የቀረችው እናቴ ናት።