ለመርዶ ነጋሪው ያልተነገረው መርዶ

ደዌ ብርቱ ጠላት ነው፤ ነገር ግን፣ ትዕግሥተኛና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ጠላትነቱን ሸሽጎ አያውቅም፤ ሰውን ባልጠረጠረው በኩል የሚጥሉት፣ ትራሱን እያቃኑ፣ ላቡን እየጠረጉ ስለ ጤናው የሚዋሹት ወዳጆቹ ናቸው።

በደብረ ታቦር ከተማ፣ በዜማ የተደነቁ፣ በአንደበት የታረሙ መሪጌታ ፍሥሐ ጽዮን የሚባሉ አረጋዊ ነበሩ፤ ሐዘንተኛውን አስቀድሞ እህል አቅምሶ፣ ጎረቤቱን እንዳያስጠረጥር በፈገግታ ደጅ አስቁሞ፣ የሞትን ወሬ በለዘበ ቃል ማርዳትን እንደ እርሳቸው የሚያውቅ አልነበረም። በኅዳር ወር ካንሰር በጉበታቸው ሥር መስደዱ በታወቀ ጊዜ ግን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የውብዳር ሐኪሙን በእንባ ለምነው፣ ዘመዱን ሁሉ በመሐላ አስረው፣ «የጨጓራ ቁስል ነው፤ ለፋሲካ ይሽርዎታል» አሰኟቸው። መሪጌታም አመኑ። በእናታቸው ሐዘን ላይ በሰው ፊት በሐሰት ሌባ ያሏት ታናሽ እኅታቸው ዘርትሁን በወረታ ትኖር ነበርና፣ እንደ አገሩ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊለምኑ ከእግሯ ሊወድቁ ቆርጠው ሳለ፣ «ስሽር እሄዳለሁ» ብለው ጉዞውን ለፋሲካ አቆዩት።

በመጋቢት ከአልጋ ዋሉ። ቤት ለቤት ሕሙማንን የምትረዳው ነርስ ሲስተር ማስተዋል ሞርፊን ባጠጣቻቸው በሦስተኛው ቀን ሥቃዩ ሲታገሥ ኅሊናቸው ጠራ፤ ያንጊዜም ሚስታቸው መከራከር ማቆማቸውን፣ ምግቡ ሳይጠይቁ መቅረቡን፣ ጎረቤቱም ደጅ ላይ ፊቱን ጠርጎ ፈገግ ብሎ መግባቱን አስተዋሉ። ይህን ሁሉ ሰውን ያስተማሩት እርሳቸው ነበሩ!

«ልጄ፣ ለስንቱ አርድቻለሁ፤ የኔን ንገሪኝ» አሏት ነርሷን።

«አባቴ፣ ካንሰር ነው። ሥቃይዎን እናስታግሣለን፤ ማዳን ግን አንችልም። የቀረዎት ሳምንታት ናቸው።»

«መቼ ታወቀ?»

«በኅዳር።»

በኅዳር ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ከራስጌያቸው ወደ ቆሙት ሚስታቸው ዘወር ብለው «የውብዳር፣ እግር ሳለኝ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ተስፋዬ ዘርትሁን ነበረች!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ያን ቀን ከሚስታቸው እጅ ውኃ እንኳ አልቀመሱም፤ ከሥጋቸው ሥቃይ ይልቅ መከዳታቸው አንገበገባቸው።

በማግሥቱ ዘርትሁን ተጠርታ መጣች። መሪጌታ ሊነሡ ቢታገሉም ጉልበታቸው ከዳቸው፤ እርሷም የመነመነ ገላቸውን ባየች ጊዜ፣ እርሳቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ «ይቅር ብያለሁ፣ ወንድምዓለም፣ ይቅር ብያለሁ!» እያለች እግራቸውን ሳመች። መሪጌታ ግን መረራቸውና አለቀሱ፤ ሳይለምኑት የተሰጠ ይቅርታ ምሕረት ይሁን ወይስ ለሟች ማዘን፣ ሰጪው እንኳ አያውቀውምና።