ሰይፍ ያነሳው መነኩሴ

መንዝ፣ ዘመሮ ላይ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰው ወይ ይተኛል፣ ወይ ጠላ ቤት ይቀመጣል፣ ወይ ደግሞ ግምገማ ተጠርቶ በሆዱ እየተራገመ ስብሰባ ይገባል። ሦስት አስተማሪዎች ግን ወሰንየለሽ በተከራየቻት ቤት ውስጥ በር ዘግተው ዘንዶ ይገድሉ ነበር። የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚሠሩ ጠይቆ ጠይቆ ሲሰለቸው «የአስተማሪ ነገር!» ብሎ ተዋቸው።

ጨዋታውን ወሰንየለሽ የለመደችው መምህራን ኮሌጅ ሳለች ነው፤ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ የደንቡን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ይዛ መጥታ ነበር። ሰሌዳ የለው፣ ጠጠር የለው። አንዱ መሪ ሆኖ ይተርካል፣ ሌሎቹ ደግሞ የፈጠሩትን ሰው ሆነው ታሪኩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማን እንደሚያሸንፍ ዕጣ ይወስናል። መሪዋ ምንጊዜም ወሰንየለሽ ናት። ጨዋታው የሚፈልገው ዳይስ፣ ባለ ብዙ ገጹ የዕጣ ጠጠር፣ መንዝ ውስጥ ከየት ይመጣል? ወሰንየለሽ ካርቶን ቆራርጣ ቁጥር ጻፈችበትና የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተተችው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለሰውየው ሙያ ይመርጣል፦ ጦረኛ፣ ሌባ፣ መነኩሴ። አስማተኛ የሚለውን እሷ ደብተራ አለችው፤ አገሩ እንዲገባው።

የጨዋታው ጣዕም ያለው ሙያ ማጣመሩ ላይ ነው። ጦረኛው ሲያሻው ደብተራ ይሆናል። የፊተኛው ዕውቀቱ አይጠፋበትም፤ ግን አንዱን ሲያሳድግ ሌላው ባለበት ይቆያል። የስፖርት አስተማሪው ይታየው ሌባና ደብተራ አጣምሮ ሲቀርብ ሦስተኛው ተጫዋች ኪዳነ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄማ ማጣመር አይባልም» አለው። «ድሮም አንድ ሙያ ነው።»

ኪዳነ እንዲህ ቢል ማን ይቆጣዋል? የቤተ ክህነት ልጅ ነው። ራሱም ሁለት ሙያ ያጣመረ ሰው ነበር፤ የሥላሴ ዲያቆንና የአማርኛ አስተማሪ። በጨዋታው ግን የመረጠው መነኩሴ ነው። ስሙን አባ ዝተት አለው፤ ብርድ ስለማይችል ጉልበቱ ላይ ጣል በሚያደርጋት የበግ ጠጉር ዝተት።

ወሰንየለሽ ትወደው ነበር። ምን መሸፋፈን ያስፈልጋል? እሱ ሲገባ ጣሳው እጇ ላይ ይንኳኳ ነበር። እሱም ይወዳታል፤ ችግሩ ሌላ ነው። ወሰንየለሽን በሕፃንነቷ ግሼ ላይ ድረዋት ነበር፤ ከሰውየው ቤት ጠፍታ፣ ቀየት አክስቷ ዘንድ ገብታ ነው የተማረችው። በሰውም በቤተ ክርስቲያንም ዓይን ፈት ናት። ዲያቆን ደግሞ ልጃገረድ በቁርባን ካላገባ ቅስና አያገኝም፤ ፈት ካገባ ዲቁናውም ያበቃል። የተማረው አይጠፋበትም፣ ዜማውም ከጉሮሮው አይወጣም፤ መቅደስ ገብቶ ማገልገል ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ይቀርበታል።

የጨዋታው ደንብም፣ ነገር ሲገጥም፣ ስለ መነኩሴ ይህንኑ ይላል። ከሌላው ሙያ ሁሉ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። መነኩሴ ግን አንዴ ሌላ ሙያ ከያዘ የተማረው ይቀርለታል እንጂ ከዚያ በላይ አያድግም።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ እሁድ፣ በጨዋታው ውስጥ ሽፍቶች ከገዳሙ በታች ያለችውን መንደር ከበቡ። መንደሯ ውስጥ አባ ዝተት የሚያውቃት አንዲት ሴት አለች፤ በሯን ቀርቅራ ተቀምጣለች። ኪዳነ ዝተቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ሰይፍ ላንሳ ብል፣ ኋላ ወደ ምንኩስናዬ እመለሳለሁ?»

«አትመለስም! ደንቡ ግልጽ ነው» አለ ይታየው።

ኪዳነ እሱን አልሰማውም። የሚያየው ወሰንየለሽን ነው። እሷም የተጠየቀችው ስለ አባ ዝተት ብቻ እንዳልሆነ ገባት።

«በእኔ ጨዋታ ይመለሳል» አለች። «ለዛሬ ግን እዚህ ላይ ይብቃን።»

ይታየው እያጉረመረመ ወጣ። ኪዳነ ቀረ።

«ወሰን፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ዲቁናውስ?»

«ማስተማሩ ይበቃኛል። ካንቺ የሚበልጥብኝ የለም።»

ያን ዕለት ወሰንየለሽ በደስታ አለቀሰች። እንዲያ ተደስታ አታውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልተደሰተችም።

ጾሙ ገብቶ ሰንበትበት ሲል የኪዳነ አባት መምሬ መርስዔ ኃዘን በመቋሚያቸው መሬቱን እየዳበሱ በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል። ወሰንየለሽ ሮጣ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ስድብም እርግማንም ለመቀበል ተዘጋጅታ ነበር።

«ልቆጣሽ አልመጣሁም፣ ልጄ» አሉ አጥሩ ሥር ተቀምጠው። «ሁሉን ነግሮኛል። አንቺ ምን አጠፋሽ? በሕፃንነትሽ የዳሩሽ ይጠየቁበት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባቴ?»

«ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይሆንም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። የእኛ ልጆች አንድ በአንድ ወደ ከተማ ሄደው አለቁ። ከኪዳነ ጋር ልክ አምስት ነን። እሱ ሲወጣ የሥላሴ ቅዳሴ ይታጎላል። እኔም መጽሐፉ አልታይህ ብሎኛል፤ በቦታዬ ይቆማል ብዬ ነበር።» መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ። «አግቢው አልልሽም፣ ተይው አልልሽም። እንደ ልብሽ ይሁን።»

እንዲህ ያለው ደግነት ከዱላ ይብሳል። ሰድበዋት ቢሄዱ ኖሮ በእልህ ታገባው ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በሴቶች በር በኩል ቆመች። ከውስጥ የኪዳነ ድምፅ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ደጁ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ፤ አሮጊቶቹም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ያን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። አሁን ግን የታያት የከርሞው ነው፤ ኪዳነ ውጭ ዛፉ ሥር ከጎኗ ቆሞ፣ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ። ውስጥ ደግሞ ቅዳሴው ታጉሎ የሚመልስለት የለም። «በአንቺ ምክንያት ነው» እንደማይላት ታውቃለች፤ አንጀቷን የበላት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ተሰበሰቡ።

«መጽሐፉን ደግሜ አየሁት» አለች። «ይታየው ልክ ነው። መነኩሴ አይመለስም።»

ይታየው ጮቤ ረገጠ፤ ምስኪን፣ ምኑንም አያውቅ። የኪዳነ ፊት ግን ዓመድ መሰለ።

«መሪዋ እኮ አንቺ ነሽ። መቀየር ትችያለሽ።»

«ሌላውን እችላለሁ። ይሄን አልችልም።»

«እንግዲያው ሳይመለስ ይቅር» አለ ኪዳነ። «ሰይፉን አንስቷል። ወርዷል።»

እጁን ጣሳው ውስጥ ሰዶ አወጣ፤ ትልቅ ቁጥር ነበር። ሽፍቶቹ ሸሹ። አባ ዝተት ሰይፉን እንደያዘ መንደሯን አቋርጦ ሴትየዋ ደጅ ደረሰ።

«አንኳኳሁ» አለ ኪዳነ።

ወሰንየለሽ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«ቤቱ ባዶ ነው። ሴትየዋ ሄዳለች።»

«ወዴት?»

«አይታወቅም።»

«እፈልጋታለሁ። ዕጣ ላውጣ።»

«ለዚህ ዕጣ የለውም» አለችና ጣሳውን ከደነችው። ይታየውም ያኔ የሆነ ነገር ገባው መሰለኝ፣ ጋቢውን አንስቶ ወጣ።

በዚያ ሳምንት ወሰንየለሽ ፈቃድ ወስዳ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ኪዳነ እየተመላለሰ በሯን አንኳኳ። አከራይዋ ጠጄ እንደታዘዘችው «ቀየት አክስቷ ጋ ሄዳለች» እያለች መለሰችው። ወሰንየለሽ የዝውውር ማመልከቻ አስገባች፤ እስከዚያው ትምህርት ቤት ሲያገኛት ከሰላምታ አላሳለፈችውም፤ ክረምቱ ሲወጣም ዓለም ከተማ ተመደበች። ኪዳነ የአንድ ዲያቆን እኅት በቁርባን አግብቶ እንደቀሰሰ ይታየው በስልክ ነገራት። «ደስ ይላል» አለችው። አልዋሸችም። ግን ያን ቀን ክፍል ገብታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀኑን ከጻፈች በኋላ ሌላ መጻፍ አቃታት፤ ተማሪዎቹ አሟት ነው ብለው ወጡ።

ከዓመታት በኋላ የይታየው እናት ሲሞቱ ለለቅሶ ዘመሮ መጣች። ቀብሩ አልቆ ሰው መስቀል ለመሳለም ተሰለፈ፤ እሷም ተሰለፈች። ቄስ ኪዳነ ጢሙ ወርዶ፣ የአባቱን መቋሚያ ይዞ ቆሟል። ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ አለች። መስቀሉ ግንባሯን ነካ፤ ግን አልተነሳም።

«ሴትየዋ ወዴት ሄዳ ኖሯል?» አላት፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

«የትም አልሄደችም፣ አባቴ። በሯን ቀርቅራ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሲያንኳኩ ሁሉንም ሰምታለች።»

መስቀሉ እንደዚያው ግንባሯ ላይ ቆየ። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አላትና መስቀሉን ለአሮጊቷ ዘረጋ።