ከሱቄ በላይ ያለችው ክፍል

የሞጣው አሮጌ ሆቴል ይፈርሳል ሲሉኝ ደስ አለኝ። ልዋሽ እንዴ? እኔ ኸይራት ከሥሩ ሱቅ ተከራይቼ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ የጀርባው ግንብ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። የባለቤቲቱ የእትዬ ሀብትነሽ አማት ምድር ቤቱን በድንጋይና በጭቃ አቁመው፣ የላዩን ወለል፣ ደረጃውንና ሰገነቱን በጽድ ያሠሩት ፎቅ ነው። በዘመኑ አምሮበት ነበር ይላሉ። አሁን ቆርቆሮው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፣ ደረጃው ሰው ሳይወጣበት ይንቋቋል።

ከሁሉ የከፋችው ከሱቄ በላይ ያለችው ክፍል ናት። በደርግ ጊዜ የእትዬ ሀብትነሽን ባል፣ ጋሽ የሺጥላን፣ ከዚያች ክፍል «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው አስወርደው፣ ወደ ቢቸና በሚሄድ መኪና ጭነው ወሰዷቸው። አልተመለሱም። ሞቱ ብሎ የመጣም የለም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ የለም፣ ተዝካርም የለም። እትዬ ሀብትነሽ ክፍሏን ለእንግዳ አከራይተው አያውቁም፤ አልጋውን አንጥፈው፣ ውሃ አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

እኔ ከታች ሆኜ እርምጃ እሰማለሁ። ከበሩ ይነሳል፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። በጠራራ ፀሐይ፣ ወላሂ! የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ስጦታው «ደረቅ ጽድ ሙቀት ሲነካው ይጮኻል» አለኝ።

«እንጨት መስኮት ጋ ደርሶ ይቆማል?» አልሁት። ሳቀ። እኔ ግን እፈራ ነበር።

እትዬ ሀብትነሽ ቤቱን ልቀቁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሲመጣ ቤቱን አጥቶ ወዴት ይሂድ?» ክረምቱም ገባ። ግንቡ ዝናብ ከጠጣ በላያቸው መውደቁ ነው። ስጦታው ጨነቀውና ሁለት የሚከበሩ ሽማግሌዎች ለመነ፤ ቄስ አካለ ወልድንና አጎቴን ሐጂ ሙሐመድሁሴንን። ሰው ተሰብስቦ ነገሩን እንዳያበላሸው ብሎ በማለዳ ይዟቸው መጣ።

በማለዳ! ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሁለት ሽበታሞች ይህን አላሰቡትም! በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ በር ካንኳኳ፣ ምን ሊል እንደመጣ ሕፃንም ያውቃል። ሱቄን ልከፍት ስደርስ እትዬ ሀብትነሽ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። ቄሱን አዩ፣ አጎቴን አዩ።

«እንግዲህ ሁሉም በእግዜር ፈቃድ ነውና...» ብለው ቄሱ ስለ ቤቱ ጀመሩ።

«ወየው የሺጥላ! ወየው ጌታዬ!»

ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ስጦታው «ኧረ እኛ ስለ ግንቡ...» ሊል ሲል አጎቴ ክንዱን ያዙት። «ዝም በል። አሁን ምን ብለህ ትመልሳታለህ?» አሉት በሹክሹክታ።

ድንኳን ተተከለ። ስንት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ወጣ። እኔም አለቀስሁ፤ ጆሮዬ ግን ላይኛዋ ክፍል ነበር። ምንም አይሰማም። ሰው ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል ጸጥ ብላለች፤ ይህ ደግሞ ከእርምጃው ይበልጥ አስፈራኝ።

በሠልስቱ እትዬ ሀብትነሽ የክፍሏን ቁልፍ ከአንገታቸው ፈተው ለስጦታው ሰጡት። «አፍርሱት። የሚመጣ የለም» አሉ። በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም። የፈለግነው ይህንኑ አልነበር? ሞታቸውን ያየ አንድም ሰው የለም። ጋሽ የሺጥላን የገደልናቸው እኛ ነን።

ልሰናበት ጎንበስ ስል እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ኸይራት፣ አጎትሽ ነግረውሽ ይሆናል። የት ነው ያረፈ?»

ዞሬ አጎቴን አየሁ። ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ሩቅ ነው አሉ፣ እትዬ።»

«መቃብሩ ጥላ የሚሆን ዛፍ አለው?»

«አለው» አልሁ።

«ተመስገን» አሉና እጄን ለቀቁኝ።