አርባ ቀይ መልሶች

ሳያት በሠራችው ድረ ገጽ ትኮራ ነበር፤ ለነገሩ የሚያኮራ ሥራ ነበር። ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ካፌ በላይ፣ ሁለት ክፍል ባላት ቢሮ ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ስትስልና ስትሰርዝ ከርማ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በስልካቸው የሚሠለጥኑበትን ገጽ አስረክባለች። ፊደሉ ጎላ ብሎ ይነበባል፣ ቪዲዮው ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ይከፈታል፣ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር አይጋፋም። ቀለሙን ግን የመረጠችው እሷ አይደለችም። የአሠልጣኙ ድርጅት ዓርማ ቀይ ስለሆነ፣ ርዕሱም፣ ቁልፉም፣ ፈተና ላይ ሰው የመረጠው መልስም ቀይ ይሁንልን ተባለ። ሳያት ቀይ ያምራል ብላ ተስማማች። አለቃዋ ፍቃዱ ደግሞ ደንበኛ ደስ ካለው እሱም ደስ የሚለው ሰው ነውና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ገጹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በወጉ አስፈትሻዋለች። ስለ ሙያዋ ካነበበችው ሁሉ አጥብቃ የያዘችው አንድ ምክር ነው፦ የሚጠቀምበትን ሰው አስቀምጠሽ ሲጠቀም ተመልከቺ የሚል። ስለዚህ መሃል ከተማ ወዳለው፣ ራሷም ወደተማረችበት ትምህርት ቤት ሄዳ አምስት አንጋፋ መምህራን ለመነች። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሂሩት አምስቱን ጠርተው ኮምፒዩተር ክፍል አስቀመጡላት፤ እንግዳ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና እሳቸውም ከኋላ ቆሙ። ከአምስቱ አንዱ መምህር ወርቁ ነበሩ። ሳያትን አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አራተኛ ክፍልን ይዘው የቆዩ፣ ከኮታቸው እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ናቸው።

እንግዲህ ሁኔታውን አስቡት። አለቃቸው ወይዘሮ ሂሩት ከኋላ ቆመዋል። የትናንት ተማሪ ደብተሯን ይዛ አጠገብ ተቀምጣ «እንዴት ነው፣ ይከብዳል?» እያለች ትጠይቃለች። እንዲህ ተጠይቆ አዎ ይከብዳል የሚል አንጋፋ መምህር ሐዋሳ ውስጥ ካለ እኔ አላጋጠመኝም። መምህር ወርቁ ቪዲዮውን አዩ፣ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ገፉ፣ ለናሙና የቀረበችውን ጥያቄ ነኩ። የነኩት መልስ ቀይ ሲሆን እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሳያት ይህን አይታለች፤ ምንም አይደለም ብላ አለፈችው። እሳቸውም ቀና ብለው እጅግ ያማረ ነው፣ እጅሽ ይባረክ አሏት። አራቱም ተራ በተራ ይህንኑ አሉ። ሳያት ደብተሯ ላይ «አምስቱም ወደውታል» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ሻይ ተጠጥቶ፣ ተመራርቀው ተለያዩ።

ሥልጠናው ስምንት ሳምንት ፈጀ። መጨረሻው አርባ ጥያቄ ያለው ፈተና ነው። ፈተናውን ያለፈ መምህር በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን ይዞ ይቀጥላል፤ የወደቀ ወይም ያልጨረሰ ከማስተማር ወጥቶ ሌላ ሥራ ይመደባል። ቀኑ ሲያልቅ ከመቶ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች ዘጠና ሦስቱ ጨርሰዋል። ድርጅቱ በዚህ ቁጥር ደስ አለው፤ ፍቃዱም የምስጋናውን ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ምስማር ፍለጋ ገባ።

ሳያት ግን ያልጨረሱትን የአሥራ ዘጠኙን ዝርዝር ስታይ ሦስተኛው ስም ላይ ቀረች። መምህር ወርቁ ናቸው። ፍቃዱ በትከሻዋ በኩል አየት አድርጎ፣ ዕድሜያቸውን ተመልከቺ እንጂ፣ ሁሉም ከሃምሳ በላይ ናቸው፣ ስልክ መነካካት አቅቷቸው ነው አላት። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስምንቱን ሳምንት ሙሉ ቪዲዮውን ሁሉ አይተው፣ መልመጃውን ሁሉ አንብበው ፈተናው ላይ ሲደርሱ ስልክ መንካት ያቃታቸው መሆኑ አልዋጥልሽ አላት።

ገጹ ሰው የነካውን ሁሉ ከነደቂቃው ይመዘግባል። ሳያት የመምህር ወርቁን መዝገብ ከፈተች። አንደኛው ጥያቄ ላይ መጀመሪያ «ሐ»ን ነክተዋል። ከዚያ «ለ»ን፣ ከዚያ «መ»ን፣ ከዚያ «ሀ»ን፣ ከዚያ እንደገና «ሐ»ን። ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። ሦስተኛውም። በአርባውም ጥያቄ አራቱንም መልስ እየዞሩ ሲነኩ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆይተው፣ «ጨርስ» የሚለውን ሳይነኩ ወጥተዋል። የሌላ ሰው መዝገብ ከፈተች፤ ያው ነው። አሥራ ዘጠኙም ሲዞሩ የከረሙ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ መምህር ወርቁ በየጥያቄው መጀመሪያ የነኩትን ብቻ ለይታ ከመልሱ ጋር አስተያየች። ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ ትክክል ነበር።

ፈተናውን ራሷ ከፍታ አንዱን መልስ ነካች። ቀይ ሆነ። ለሷ ቀይ ማለት የድርጅቱ ዓርማ ነው፤ ይህን መርጠሻል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ለመምህር ግን ቀይ ዓርማ ሆኖ አያውቅም። ቀይ እስክሪብቶ የተማሪን ስህተት ማረሚያ ነው፤ ካርድ ላይም ከሃምሳ በታች የሆነ ውጤት ብቻ በቀይ ይጻፋል። ወጣቶቹ ሠልጣኞች በስልክ ያደጉ ስለሆኑ ቀዩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት አልፈዋል። እነዚህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ላይ ያሳረፉት ቀለም ዞሮ በራሳቸው መልስ ላይ አረፈባቸው። ሳያት አፈረች። እፍረቱ ጥርት ያለ ነበር፤ ማንም ላይ የምታሳብበው ነገር አልነበራትም።

ዕለቱን ትምህርት ቤት ሄደች። ወይዘሮ ሂሩት ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ደብዳቤ አሳዩዋት። መምህር ወርቁ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አቅሜ ስለማይፈቅድ ከማስተማር ተነሥቼ መጽሐፍ መጋዘን ልመደብ ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈዋል። ደብዳቤው ሰኞ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላካል። መጋዘኑን ከአሁኑ ልልመደው ብለው በዕረፍት ሰዓት እዚያ እየዋሉ ነው አሏት።

መጋዘኑ ውስጥ የተቀዳደዱ መጻሕፍትን በየክፍላቸው ሲደረድሩ አገኘቻቸው። ደስ ብሏቸው ተነሡ፣ ወንበሩን በመዳፋቸው ጠርገው አስቀመጧት፣ እናቷን ጠየቁ። ሳያት ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቃ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ፈተናውን ለምን ተዉት?»

«ባላውቀው ነዋ። ትምህርቱ ሁሉ ተለውጧል፣ እኔ ኋላ ቀርቻለሁ። የቱንም ብነካ ስህተት ነው ይለኛል።»

«ስህተት ነው አላለዎትም።»

«ቀይ አደረገብኝ እኮ፣ ልጄ።»

ሳያት የታተመውን መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቀዩ መርጠዋል ማለት ብቻ እንደሆነ፣ ሌላውን ቢነኩም ያው ቀይ እንደሚሆን፣ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከአንደኛው ጥያቄ ጀመሩ፤ የእግዚአብሔርን ቀን ሁሉ የተማሪ ወረቀት ሲያርሙ እንደኖሩት በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንዱንም ሳይዘልሉ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺን አላውቃትም ነበር» አሉ። ከዚያ እስከ አርባኛው ጨረሱና ወረቀቱን አስቀመጡት።

ሳያት ያን ቀን ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ስለ ቀዩ ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው። ድምፅዋ ላይ ቁጣ ነበረበት፤ ለራሷም ገርሟታል። መምህር ወርቁ አልተቀየሟትም።

«ተማሪዬ ነሽ። ሠርተሽ አምጥተሽ እዩልኝ አልሽ። ሂሩትም ቆማለች። ምን ልበል?»

ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሯቸው ሦስት ሳምንት እንደሆናቸው አጫወቷት። ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብተው ክፍልፋይ ሲያስተምሩ፣ የሚሉት ነገር እውነት መሆኑን መጠራጠር ጀምረው ነበር። ይህን ሲናገሩ መጻሕፍቱን ማስተካከላቸውን አላቆሙም። ሳያት ፈተናው እንደገና እንደሚከፈት፣ ቀለሙ ዛሬውኑ እንደሚቀየር ቃል ገባች። እሳቸው ግን ጥያቄያቸው ሌላ ነበር፤ እንደኔ የሆኑት ስንት ናቸው አሉ። አሥራ ስምንት አለቻቸው።

«እነሱም ለማንም አልተናገሩም ማለት ነው» አሉና አብረዋት ሄደው ሊነግሯቸው ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

ሲወጡ ወይዘሮ ሂሩት ቢሮ ጎራ ብለው ደብዳቤው ሰኞ እንዳይላክ ነገሯቸው፤ ምክንያቱን ሲመለሱ ሊያስረዱ ተስማሙ። ባጃጅ ውስጥ ሆና ሳያት ለፍቃዱ ደወለች። ደንበኛው ቀዩን ወዶታል፣ የምስጋና ደብዳቤ በተሰቀለ ማግስት ስህተት ነበረብን ማለት አያምርም ብሎ አንገራገረ። ሳያት ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ለድርጅቱ በስሟ እንደምትጽፍ ነግራው ስልኩን ዘጋችው። መምህር ወርቁ ወደ ውጭ እያዩ ይሰሙ ነበር።

ዝርዝሩ ላይ ካሉት ቅርብ የሚኖሩት መምህርት ተዋበች ናቸው፤ ቤታቸው ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ብዙ አይርቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ በሳቃቸው የሚታወቁ ሴት ናቸው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ሳቅ አልነበራቸውም። በሩን ከፍተው እንግዶቹን አስገቡ፣ ለስላሳ አስመጡ። ሳያት የፈተናውን ነገር ስታነሣ ቶሎ ብለው ዓይኔን ስላመመኝ ነው የተውኩት፣ ሐኪምም ስልክ አትይ ብሎኛል አሉ። ሳያት ወረቀቷን አውጥታ ስለ ቀለም ማስረዳት ጀመረች። መምህርት ተዋበች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፤ አዎ፣ ገባኝ፣ ገጹ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ የዓይኔ ነው አሉ። ሳያት ኮምፒዩተር ክፍል የሰማችውን ያንኑ ቃል እየሰማች መሆኑ ገባትና ወረቀቱን አጠፈችው።

መምህር ወርቁ ለስላሳውን አስቀመጡ።

«ተዋበች፣ እኔ አርባውንም ቀይ አይቼ ደንቆሮ ነኝ ብያለሁ። መጋዘን አስገቡኝ ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። ዓይኔን አላመመኝም።»

መምህርት ተዋበች የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እያፍተለተሉ፣ ሳያትን ሳያዩ ለመምህር ወርቁ ብቻ ተናገሩ።

«ጋሼ ወርቁ፣ የድሮ ተማሪዎቼን ሳይ መንገድ መሻገር ጀምሬያለሁ። ሰላም ሲሉኝ፣ ምን አስተምሬያቸው ነው እላለሁ።»

«ከነገ ጀምረሽ ሰላም በያቸው» አሏቸው መምህር ወርቁ።