የገበሬዎቹ አረማመድ

ግዛቸው ፕራግ ላይ ሥዕል ማንቀሳቀስ ተምሮ አዋሳ ሲመጣ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ የካርቱን ክፍል አሥራ አንድ ሠዓሊዎች ነበሩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ገሚሱ ለዘመቻ ሄደ፣ ገሚሱ መፈክር እንዲጽፍ ተወሰደ። ግዛቸውና ባልደረባው ሙህዲን ብቻ ቀሩ። የሚሥሉበት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ሲያልቅ፣ ሆስፒታል የጣለውን የራጅ ፊልም በበረኪና እያጠቡ፣ የሰው አጥንት እያስለቀቁ ይሥሉበት ጀመር።

ስለ መንደር ምሥረታ የጀመሩት ፊልም ካልተወደደ ክፍሉ እንደሚዘጋ ተነገራቸው።

ለገበሬዎቹ አረማመድ ሙህዲን ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ግዛቸው ይነድፋል።

«ፕራግ ለዚህ ተዋናይ ይቀጥራሉ» አለ ግዛቸው።

«እዚህ ነፃ ነው» አለ ሙህዲን። «አንዱ እግሬ ግን ጅጅጋ ተጎድቷል። የጎደለውን አንተ ሙላበት።»

ግዛቸው አልሞላበትም። ዓይን ከለመደ አንካሳውንም ቀጥ አድርጎ ያያል። ላስቲክ ለመቆጠብም ያንኑ አንድ አረማመድ ለሁሉም ገበሬ ገለበጠው።

የፓርቲው ኮሚቴ ፊልሙን ሊያይ መጣ። አርባ ገበሬ፣ አርባውም እያነከሰ፣ ወደ አዲሱ መንደር ተመመ።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ይልማ መብራት አስበራ። «ሕዝቡ ለምንድን ነው የሚያነክሰው?»

«አረማመዱ ከሙህዲን የተወሰደ ነው፣ ጓድ» አለ ግዛቸው።

«እስቲ ተነሥና ተራመድ» አለው ይልማ ሙህዲንን።

በዚያው ሳምንት ጤና የጎደለው ሠራተኛ በቅድሚያ እንደሚቀነስ ተወርቷል። ሙህዲን የአራት ልጆች አባት ነው። ተነሣ፤ ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል።

«ምንም አልሆነም» አለ ይልማ ወደ ግዛቸው ዞሮ። «እንግዲያው እንዲያነክሱ ያደረግካቸው አንተ ነህ። አውቀህ።»

«አውቀህ» ከተባለ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ግዛቸው አያውቅም። ወንበሩን ጨበጠ። ዝም ብሎ ቢወሰድ ግርፋቱን ምን ያህል ጊዜ ሊቋቋም እንደሚችል ለካ፤ ብዙ አልመሰለውም።

«ሙህዲን» አለ፣ «እንደ ወትሮህ ተራመድ።»

ሙህዲን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ እግሩን እየጎተተ ሄደና ተቀመጠ። ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የካርቱን ክፍሉ በር ታሸገ። የሙህዲን ስም ከተቀናሾቹ ዝርዝር አናት ላይ ነበር፤ የግዛቸው ከሥሩ። ግዛቸው በቡሹሎ መንገድ ደርሶበት እርምጃውን ቀነሰለት።

«ቅደመኝ» አለው ሙህዲን፣ ዞር ሳይል።